«ካሽ አጥፍታችሁ ሞክሩ» መልስ አይደለም፤ ለዩኒቨርሲቲያችን የአይሲቲ ዳይሬክቶሬት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የአይሲቲ ዳይሬክቶሬት ዳይሬክተር
ግልባጭ፦ ለአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዝዳንት ጽሕፈት ቤት
ጉዳዩ፦ ወደ ተቋሙ ኢሜይል መግባት አለመቻላችንንና ያስከተለብንን ጣጣ ይመለከታል

ክቡር ዳይሬክተር፣ ጤና ይስጥልኝ።

ይህን የምጽፈው በኮሌጃችን ያሉ መምህራንን፣ የትምህርት ክፍል ጸሐፊዎችንና የላብራቶሪ ሠራተኞችን ወክዬ ነው። ጉዳዩን በስብሰባ አንስተናል። በትምህርት ክፍሎች በኩል በጽሑፍ ልከናል። ቢሯችሁ ድረስ የመጡም አሉ። የምናገኘው መልስ ግን ሁሌም አንድ ነው፤ «ካሽ አጥፍታችሁ ሞክሩ»። እኔ የኮምፒውተር ላብራቶሪ ባለሙያ ስለሆንኩ ኢሜይል እምቢ ያለው ሰው ሁሉ ላፕቶፑን ታቅፎ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምዘረዝረው በዓይኔ ያየሁትን ነው።

በዓመቱ መጀመሪያ የወጣውን ሰርኩላር ያስታውሱታል። የውጤት ቅጽ፣ የፈቃድ ጥያቄ፣ የደረጃ እድገት ማመልከቻ፣ የምርምር በጀት ጥያቄ፣ ሁሉም በተቋሙ ኢሜይል ብቻ ይላክ ይላል። በጂሜይል የተላከ አይታይም። በቴሌግራም የተላከ እንዳልተላከ ይቆጠራል። በኢሜይል ለደረሰው መልእክት በጊዜው ያልመለሰ ደግሞ «በራሱ ፈቃድ እንደተወው» ይወሰዳል። ሐሳቡን አንቃወምም። የተቋም ሥራ በተቋም ኢሜይል ቢሠራ ደግ ነው። የምንቃወመው በሩን ቆልፎ «ለምን አልገባችሁም?» ማለትን ነው።

መጀመሪያ ስለዚሁ ካሽ ስለሚባለው ነገር ልበል። ካሽ ብራውዘሩ ገጹን ቶሎ ለመክፈት ያስቀመጠው የሥዕልና የጽሑፍ ቅጂ ነው። ሎግኢን የሚይዘው ኩኪ ነው። ሰርቨሩ ፓስወርዱን ተቀብሎ «ይህ ሰው ገብቷል» የሚል ምልክት ለብራውዘሩ ይሰጣል፤ ብራውዘሩ በየገጹ ያንን ምልክት እየመለሰ ያሳያል። ኩኪው ካልተቀመጠ ወይም ካልተመለሰ ሰርቨሩ ሰውየውን አያውቀውም። ካሽ ማጥፋት ለዚህ አይረዳም። ታዲያ ሰዎቻችሁ «ሁሉንም አጥፉ» ሲሉ ሠራተኛው ባንኩንም፣ ቴሌግራሙንም፣ የምርምር ድረ ገጾቹንም ሁሉ ሎግአውት አድርጎ ቁጭ ይላል። ኢሜይሉ ግን አሁንም አልተከፈተም። የአንዱን ድረ ገጽ ኩኪ ብቻ ነጥሎ ማጥፋት ይቻላል፤ በአድራሻው በስተግራ ያለችውን ምልክት መጫን ብቻ ነው። ይህን ለሠራተኛው የነገረው የለም።

አሁን ወደ አቤቱታችን።

አንደኛው፣ ብዙ ሰው ያስለቀሰው፣ ዝም ብሎ የሚመልሰው ገጽ ነው። ዩዘርኔም ይጻፋል፤ ፓስወርድ ይጻፋል፤ ይጫናል። ገጹ ብልጭ ይልና እዚያው ባዶ ሎግኢን ላይ ይመልሳል። «ፓስወርድ ተሳስቷል» እንኳ አይልም። የአንዲት የትምህርት ክፍል ጸሐፊን ኮምፒውተር ቁጭ ብዬ አየሁት። እሷ የምትገባው ብራውዘሩ ላይ ካስቀመጠችው የቆየ አድራሻ ነው። ያ አድራሻ የሚከፍተው የደህንነት ቁልፍ የሌለበትን የድሮውን ኤችቲቲፒ ገጽ ነው። እናንተ ሰርቨሩን ስትቀይሩ ኩኪው በተመሰጠረ ግንኙነት ብቻ እንዲሄድ አድርጋችኋል፤ ትክክል ነው። ግን የድሮውን ገጽ ክፍት ትታችሁታል። በዚያ ገጽ የሚመጣውን ኩኪ ብራውዘሩ አልቀበልም ይላል፤ እንዲህ እንዲያደርግ ነው የተሠራው። ስለዚህ ፓስወርዷ ትክክል ሆኖ ሳለ መግባት አትችልም። አድራሻውን ከፊቱ ኤችቲቲፒኤስ ብዬ ስጽፈው ወዲያው ገባች። «ውይ! ይሄው ነው እንዴ ወንድሜ?» አለችኝ። አዎ፣ ይሄው ነው። ሰርቨሩ ላይ ያልተመሰጠረውን አድራሻ ወደ ተመሰጠረው የሚመልስ አንድ መስመር ቢጨመር የሁሉም ሰው ችግር በአንድ ጊዜ ይፈታ ነበር። ለእሷ የተሰጣት መልስ ግን «ብራውዘርሽ ተበላሽቷል፣ ፎርማት ይደረግ» ነበር። ፎርማት! የስንት ዓመት ፋይል ያለበት ኮምፒውተር።

ሁለተኛው የሰዓት ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በእኛ አገር ብቻ የሚታይ መልክ አለው።

ዌብሜይሉ፣ ማለትም በብራውዘር የምንከፍተው የኢሜይል ገጽ፣ እውነተኛነቱን ለብራውዘሩ የሚያሳይበት ሰርተፊኬት አለው፤ ሰርተፊኬቱም የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ብራውዘሩ ያንን የሚያመሳክረው ከኮምፒውተሩ ሰዓት ጋር ነው። አሁን የትምህርት ክፍሎቻችንን ዴስክቶፖች ይመልከቱ። አብዛኞቹ አሮጌ ናቸው። ማዘርቦርዳቸው ላይ ያለችው ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ፣ ሲአር 2032 የምትባለው፣ ሞታለች። መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳል። ጠዋት ሲከፈት ጥቁር ስክሪን ላይ «ለመቀጠል ኤፍ 1 ይጫኑ» ይላል። ጸሐፊዎቻችን ይህን እንደ ሥርዓት ለምደውታል፤ ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ ኤፍ 1 ይጫናሉ። ዊንዶውስ ይከፈታል። ከታች በቀኝ በኩል ያለው ቀን ጃንዋሪ 1፣ 2009 ነው። ኢሜይል ሲከፈት ቀይ ምልክት ይመጣል፤ «ግንኙነትዎ የግል አይደለም»። ለብራውዘሩ እኮ ሰርተፊኬቱ ገና አልተወለደም።

በኢንተርኔት ሰዓቱ ራሱን ያስተካክል አልነበር? ያስተካክል ነበር። ዊንዶውስ ሰዓቱን የሚጠይቅበትን መንገድ፣ ዩዲፒ 123ን፣ የግቢው ፋየርዎል፣ የኔትወርኩ በረኛ፣ ዘግቶታል። በምትኩ ግቢ ውስጥ የሰዓት ሰርቨር አልተዘጋጀም። ስለዚህ ሰው በእጁ ያስተካክላል። በእጁ ሲያስተካክል ደግሞ የሚያውቀውን ይሞላል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሆነ ሦስት ሰዓት ብሎ ይሞላል፤ ኮምፒውተሩ የሚጠብቀው ግን 9፡00 ነው። የ6 ሰዓት ልዩነት። ሰርተፊኬቱ በታደሰ ቀን ጠዋት እነዚህ ኮምፒውተሮች ለሰዓታት አይገቡም፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ «በራሱ ተስተካከለ» ይባላል። ከዚያ የባሰው ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር የሚሞላው ነው። በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። አንድ ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ መምህር ሰዓቱን ሳስተካክልባቸው ተቆጥተውኛል፤ «ፈረንጅ ዘመን ምን ሊያደርግልኝ ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ማንም አላስረዳቸውም። ኮምፒውተሩ በአውሮፓ አቆጣጠርና በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ይሁን፤ የእኛውን ቀን በግድግዳ ካላንደር ወይም በስልክ አፕ ይዩት። ይህንን በአንድ ወረቀት ጽፎ በየቢሮው መለጠፍ ምን ያህል ይከብዳል?

የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ከፓስወርዱ ሌላ የስልክ ኮድ የሚጠይቀውን፣ ስትጀምሩ ይኸው የሰዓት ችግር ወደ ስልክም ወረደ። ስልክ ላይ ያለው አፕ የሚሰጠው ባለ 6 አሃዝ ኮድ በየ30 ሰከንዱ ከሰዓቱ የሚሰላ ነው። ስልኩን በእጁ በኢትዮጵያ ሰዓት ያስተካከለ ሰው ኮዱ መቼም አይገጥምለትም። ስልኩ ሰዓቱን ከኔትወርክ እንዲወስድ ማድረግ ብቻ በቂ ነበር። ሰዎቻችሁ ግን አካውንቱን አጥፍተው እንደገና ይከፍቱለታል፤ ያም አይሠራም፤ ሰውየው «ይሄ ነገር ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ ይተወዋል።

ሦስተኛው፣ ባለፈው የውጤት ማስገቢያ የመጨረሻ ቀን የሆነው ነው። የእኛ ሕንጻ በሙሉ ከኢሜይል ወጣ። ገጹ ጭራሽ አይከፈትም። «ሲስተም የለም» ተባለ። ግን ሲስተሙ ነበር፤ በስልኩ ዳታ የከፈተ ሰው ሁሉ ገባ። ዋይፋይ ላይ ያለ ብቻ ነው የታገደው። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ሁሉም ሰው ፓስወርድ እንዲቀይር አስገድዳችሁ ነበር። ሰው በብራውዘር ቀየረ፤ ስልኩ ላይ ያለው የኢሜይል አፕ ግን የድሮውን ይዞ ቀረ። አፑ ኪስ ውስጥ ሆኖ በየደቂቃው በድሮው ፓስወርድ ይሞክራል። ሰርቨሩ ላይ ያለው ፌይልቱባን የሚባለው ጠባቂ፣ ካልተቀየረ በቀር፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ 5 ጊዜ ፓስወርድ የተሳሳተበትን የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም የኢንተርኔት መገናኛ ቁጥር፣ ለ10 ደቂቃ ያግዳል። ሕንጻው በሙሉ ወደ ውጭ የሚወጣው በአንድ የአይፒ አድራሻ ነው። ስለዚህ የአንድ ሰው ስልክ ሁላችንንም አሳገደ። እገዳው ሲነሳ ስልኩ እንደገና ይሞክራል፤ እንደገና እንታገዳለን። ያን ቀን ውጤት ያላስገቡ መምህራን ማብራሪያ ጻፉ ተብለዋል። ማብራሪያው የማን ነበር?

በነገራችን ላይ ፓስወርድን በየጊዜው ማስቀየር ራሱ ጥቅሙ አጠራጣሪ ነው። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት በ2017 ባወጣው መመሪያ መሰረቁን የሚያሳይ ምልክት ካልተገኘ በቀር ፓስወርድ በየተወሰነ ጊዜ እንዲቀየር አታስገድዱ ብሏል። ሰው ሲገደድ የሚያደርገው ይታወቃል። መጨረሻው ላይ 1 የነበረውን 2 ያደርገዋል። ወይም በወረቀት ጽፎ ሞኒተሩ ላይ ይለጥፈዋል። ሁለቱንም በየቢሮው አይቻለሁ።

አራተኛው እየጻፍን የምንባረርበት ነው። ዌብሜይላችን የቆመበት ራውንድኪዩብ የሚባለው ሶፍትዌር፣ ሰው ገብቶ ዝም ካለ፣ ሳይነካ በመጣበት ቅንብር ከ10 ደቂቃ በኋላ ያስወጣል። ገጹ ክፍት ከሆነና ኔትወርክ ካለ ራሱ እያደሰ ይቆያል። ኔትወርኩ ከተቋረጠ ግን ማደሻው አይደርስም። በእኛ ግቢ ኔትወርክ ለሩብ ሰዓት መጥፋቱ ብርቅ አይደለም። ሲመለስ «ሴሽንዎ አብቅቷል»፣ ማለትም የገቡበት ቆይታ አልቋል፣ ይላል፤ ረጅም የምርምር ሪፖርት ሲጽፉ የነበሩ መምህር ያንን ሲያዩ ፊታቸው ምን እንደሚመስል እኔ ልነግርዎ አልችልም። ሌላም አለ። አይፒ አድራሻው ከተቀየረ የሚያስወጣ ቅንብር አብርታችኋል። ይህ ቅንብር ሶፍትዌሩ ሲመጣ የጠፋ ነው፤ ያበራው ሰው አለ ማለት ነው። ለባንክ ሊሆን ይችላል። በሞባይል ዳታ የሚሠራ ሰው ግን አድራሻው መንገድ ላይ ይቀያየራል፤ ከዋይፋይ ወደ ዳታ ሲዘል ደግሞ የግድ ይቀየራል። ሌባ የተያዘ ይመስል ይባረራል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ትንሽ ነገር አለ። ሎግኢን ገጹን ማታ ከፍቶ የሄደ ሰው ጠዋት ፓስወርዱን ቢያስገባ አንቀበልም ይባላል። ገጹ ውስጥ የተደበቀው ጊዜያዊ ምልክት አርጅቷል። ኤፍ 5 ተጭኖ ገጹን ማደስ ይበቃል። ማንም አያውቅም። ሰው ፓስወርዱን የረሳ መስሎት ሪሴት ሊጠይቅ ይመጣል።

አምስተኛውን በቁጣ ነው የምጽፈው፤ ይቅርታ ይደረግልኝ።

የዌብሜይሉ ሰርተፊኬት ጊዜው ያበቃበት ወቅት ነበር። አሁን የምትጠቀሙበት ዓይነት ነፃ ሰርተፊኬት ዕድሜው 90 ቀን ነው። ራሱን እንዲያድስ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ በእጅ የሚያድስ ሰው አንድ ቀን መርሳቱ አይቀርም። ተረሳ። ያም ይሁን፤ ሰው ይረሳል። ግን ከዚያ ቢሯችሁ በቴሌግራም ቻናሉ ያወጣውን ማሳሰቢያ አንብበውታል? «ማስጠንቀቂያው ሲመጣ አድቫንስድ የሚለውን ተጭናችሁ ወደ ፊት ቀጥሉ» ይላል። ሥዕል ጭምር አለው፤ በቀይ ቀስት የሚጫነውን ያሳያል።

ክቡር ዳይሬክተር፣ ያ ማስጠንቀቂያ የአንድ ተራ ሠራተኛ የመጨረሻ መከላከያ ነው። የሐሰት ገጽ ሠርቶ ፓስወርድ የሚሰበስብ ሌባ ሲመጣ የሚታየው ያው ቀይ ገጽ ሊሆን ይችላል። እናንተ ሠራተኛውን «ቀዩን ዝለለው» ብላችሁ አሠለጠናችሁት። ከዚያ ወዲህ «ሜይልቦክስዎ ሞልቷል፣ እዚህ ገብተው ያረጋግጡ» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ የገቡ ሰዎች አሉ። ከአንዲት ባልደረባችን አካውንት ለተማሪዎቿ ሁሉ የገንዘብ ልመና ተልኳል። ተማሪ ፊት የቆመችው እሷ ናት። ቢሯችሁ «ጥንቃቄ ይደረግ» የሚል ማስታወቂያ አወጣ። ጥንቃቄውን ማን አስጣለ?

በዚያ ላይ የእርዳታ ዴስኩ ሠራተኞች በስልክና በቴሌግራም «ፓስወርድሽን ላኪልኝ፣ እኔ ልሞክረው» ይላሉ። ይህ በምንም መልኩ ተቀባይነት የለውም። የሰርቨሩ ኃላፊ የሰው ፓስወርድ አያስፈልገውም፤ ሪሴት ማድረግ ይችላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በወጣበት አገር፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሠራተኛውን ፓስወርድ በቴሌግራም መቀበሉን ማስረዳት የሚችል ያለ አይመስለኝም።

ስድስተኛው ውጭ አገር ያሉትን ይመለከታል። ለዶክትሬት ትምህርት ኖርዌይ፣ ደቡብ አፍሪካና ሕንድ ያሉ ባልደረቦች አሉን። ከአገር ውጭ የሚመጣ ግንኙነት እንዲዘጋ ስለተደረገ ገጹ አይከፈትላቸውም። የትምህርት ፈቃዳቸውን ለማሳደስ ማመልከት ያለባቸው በተቋሙ ኢሜይል ነው። ኢሜይሉ አይከፈትም። ፓስወርድ ሪሴት ለማድረግ «መታወቂያ ይዘው በአካል ይቅረቡ» ተባሉ። ከኦስሎ! አንዱ ወንድሙን ልኮ ነበር፤ «ባለቤቱ ይምጣ» ተብሎ ተመለሰ። የደመወዝ መታገድ ደብዳቤ ደግሞ የተላከለት በዚያው ሊከፍተው በማይችለው ኢሜይል ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ ላንሳ። ድረ ገጻችሁ ላይ ያለው የአጠቃቀም መመሪያ አሁንም «ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ይክፈቱ» ይላል፤ ማይክሮሶፍት እሱን በጁን 2022 ጡረታ አውጥቶታል። የላብራቶሪዎቻችን ግማሽ ያህሉ አሁንም ዊንዶውስ 7 ላይ ናቸው። የዚህ ዊንዶውስ ድጋፍ በጃንዋሪ 2020 አብቅቷል፤ ክሮምም ለእሱ 109ኛው ስሪት ላይ ቆሟል። «ብራውዘራችሁን አፕዴት አድርጉ» የምትሉን አፕዴት የማይቀበል ኮምፒውተር ላይ ነው። ለጊዜው እኔ ፋየርፎክስ እየጫንኩ አሻግራለሁ፤ የሚታመኑ ሰርተፊኬቶችን ዝርዝር የራሱን ይዞ ስለሚመጣ አሮጌ ዊንዶውስ ላይ አንዳንዴ የቆየ ክሮም እምቢ ያለውን ይከፍታል። ይህ ግን ማስታገሻ ነው።

ሁሉም ጥፋት የእናንተ ነው አላልኩም። ፓስወርድ የሚሳሳት አለ። ስልክ የመጀመሪያዋን ፊደል ካፒታል ሲያደርግበት የማያይ አለ፤ ዩዘርኔም መጨረሻ ላይ ስፔስ የሚተው አለ። ፓስወርዱ በነጥብ ስለሚሸፈን ኪቦርዱ አማርኛ ላይ መሆኑን የማያይ አለ። ብራውዘሩ ያስቀመጠለትን የድሮ ፓስወርድ ሳያይ የሚልክም አለ። እነዚህን ከሌሎቹ መለየት ግን ከባድ ሥራ አይደለም። እኔ ጋ የመጣን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ሰዓቱን ነው። ቀጥሎ የቆዩ ኩኪዎችን የማይጠቀመውን የኢንኮግኒቶ መስኮት እከፍታለሁ። እዚያ ከገባ ችግሩ ኩኪ ወይም ብራውዘሩ ላይ የተጫነ ተጨማሪ ነገር ነው፤ የዚያን ድረ ገጽ ኩኪ አጠፋለሁ፣ አለቀ። እዚያም ካልገባ በስልክ ዳታ እሞክራለሁ። በዳታ ከገባ ችግሩ የግቢው ኔትወርክ ነው፤ ወይ ታግደናል፣ ወይ ሰውየው የዋይፋዩን የራሱን መግቢያ ገጽ አላለፈም። በዳታም ካልገባና ጎረቤቱ ከገባ አካውንቱ ነው። ጎረቤቱም ካልገባ ሰርቨሩ ነው። አንድ የእርዳታ ዴስክ ሠራተኛ ይህንን ቅደም ተከተል ቢይዝ ግማሹ ሰው ከስልኩ ሳይነሳ ይፈታለት ነበር። ዛሬ ግን ዴስኩ «ምን የሚል ጽሑፍ መጣ?» ብሎ እንኳ አይጠይቅም።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ያልተመሰጠረው የድሮ አድራሻ ወደ አዲሱ እንዲመልስ ይደረግ። ሰርተፊኬቱ ራሱን እንዲያድስ ይደረግ፤ ከማብቃቱ በፊት ለኃላፊው ማስጠንቀቂያ ይምጣ። «ቀዩን ዝለሉ» የሚለው ማሳሰቢያ ከቻናሉ ይነሳ፣ ስህተት እንደነበረም ይነገር። ይህ ሦስቱ የቀናት ሥራ ነው፤ በጀት አይጠይቅም።

የግቢው አድራሻ በጅምላ እንዳይታገድ ይደረግ። እገዳው በአካውንት ይሁን፤ የታገደው ሰውም ለምን እንደታገደ ይነገረው። የግዳጅ ፓስወርድ መቀየር በፈተናና በውጤት ማስገቢያ ሰሞን አይሁን። የሴሽኑ ጊዜ ይርዘም፤ በአይፒ የሚያባርረው ቅንብር ይጥፋ።

ግቢ ውስጥ የሰዓት ሰርቨር ይቁም። ለአሮጌዎቹ ዴስክቶፖች ባትሪ ይገዛ። መቀየሩን ለእኛ ይተዉት፤ የላብራቶሪ ባለሙያዎች በየቢሮው ዞረን እንቀይራለን፣ የምንፈልገው ግዢው እንዲፈቀድ ብቻ ነው። ሰዓትና ቀን እንዴት እንደሚሞላ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ በየቢሮው ይለጠፍ።

ውጭ አገር ላሉ ባልደረቦች በቪዲዮ ጥሪ ማንነታቸውን አረጋግጦ ሪሴት የሚደረግበት መንገድ ይዘጋጅ። እስከዚያው የእነሱ የፈቃድ ማመልከቻ ከግል ኢሜይላቸው ተቀባይነት ያግኝ። የእርዳታ ዴስኩ ፓስወርድ መጠየቅ ዛሬውኑ ያቁም። ለእያንዳንዱ አቤቱታ ቁጥር ይሰጥ፤ «መጥቼ ነበር» ያለ ሰው ማስረጃ ይኑረው። ሰርቨሩ ሲቆም «ቆሟል» ተብሎ ይነገረን። መጥፎ ዜናም ቢሆን እውነቱን መስማት እንመርጣለን፤ ሰው በከንቱ ፓስወርዱን ሲለዋውጥ አይውልም።

ለምክትል ፕሬዝዳንት ጽሕፈት ቤት ደግሞ አንድ ጥያቄ አለን። ኢሜይል ባለመሥራቱ ምክንያት በባልደረቦቻችን ላይ የተጻፉ ማስጠንቀቂያዎችና የማብራሪያ ጥያቄዎች ይመርመሩ። ሰርቨሩ ማን መቼ እንደሞከረና ለምን እንዳልገባ መዝግቦ ይይዛል። ያ መዝገብ ይታይና ሞክሮ የተከለከለው ሰው ከግል ማኅደሩ ላይ ማስጠንቀቂያው ይነሳለት። መዝገቡ ሳይታይ ማንም እንዳይቀጣም እንጠይቃለን።

መልሱን ከሚቀጥለው የውጤት ማስገቢያ ሳምንት በፊት በጽሑፍ እንጠብቃለን። እባክዎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ጭምር ይለጠፍ፤ በኢሜይል ብቻ ከላኩት የማያዩት ብዙዎች ናቸው።

ከአክብሮት ጋር
የኮሌጁ ሠራተኞች ተወካይና የኮምፒውተር ላብራቶሪ ባለሙያ